ወገቤ ከአስር ስንት ነው

ሰው «ደህና ነኝ» በማለቱ ብቻ ሕክምና የሚያጣበት ዘመን ይመጣል ብሎ የነገረኝ ቢኖር፣ ወላሂ፣ ዋሾ ብዬው ከአጠገቡ እነሳ ነበር። እነሳ ነበር ማለቴም በጤነኛው ወገቤ ነው። አሁን የማወራችሁ ነገር በደረሰብኝ ጊዜ በነበረኝ ወገብ ከሆነ ግድግዳ ይዤ፣ መሐል ላይ አረፍ ብዬ፣ ሰውየው ነገሩን ረስቶ ሌላ ወሬ ከጀመረ በኋላ ነበር የምነሳው።

እኔ አርዲቦ ሐይቅ ዳር የምኖር ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከእርሻ መልስ እያንቀላፋሁ ስለሆነ ግማሹ ፊደል የገባኝ በሕልሜ ነው። የጻፍኩት ከተንሻፈፈ እያቃናችሁ አንብቡት። ነገሩ ግን እንደሆነው ነው የጻፍኩት፣ አንዳች አልጨመርኩበትም። ትንሽ ከጨመርኩም ለራሴ ጥቅም አይደለም፤ ሁሉም እኔኑ የሚያዋርድ ነው።

የተጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ጥጃዬ ማጥ ውስጥ ገብታ ተዘረጋች። ጎረቤት ጠርቼ ማስነሳት እችል ነበር። ጎረቤቶቼ ሁሉ ቤታቸው ነበሩ፤ አንደኛው እንዲያውም ከአጥሩ ባሻገር ቆሞ «ልምጣ?» ብሎኛል። «ለአንዲት ጥጃ?» አልኩት። ጎንበስ ብዬ ሆዷን አቀፍኩና አነሳኋት። ጥጃዋ ወጣች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ከወገቤ ተነስቶ በጭኔ በኩል እስከ ተረከዜ አንድ የጋለ ሽቦ የሚመስል ነገር ገባብኝ። ጥጃዋ ትንሽ ሄድ ብላ ዞራ አየችኝ፤ ልታነሳኝ ያሰበች ሁሉ መሰለኝ። ያነሳኝ ግን ያው ጎረቤቴ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ባገኘኝ ቁጥር «ለአንዲት ጥጃ?» ይለኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ ቀጥ ብዬ እተኛለሁ፣ መታጠፍ የሚባል ነገር ከኔ ዘንድ ቀረ። ሰው ሰላም ሲለኝ ጎንበስ ማለት ስለማልችል አገጬን ብቻ ነቅነቅ አደርግና አልፋለሁ። በዚህ የተነሳ ውጫሌ ገበያ ላይ ኮርቷል፣ መሬት ሸጦ ነው መሰለኝ ተብሎ ተወራብኝ። ወጌሻም አየኝ። እግሬን ይዞ ሳበው። ሲጨርስ አንደኛው እግሬ ከሌላው የረዘመ መሰለኝና ይስተካከል ብዬ ሌላኛውንም እንዲስበው ለመንኩት። አሻፈረኝ አለ፤ እሱም አዝኖልኝ ነው መሰለኝ።

ማረሱ ቢቀርብኝ ቻልኩት፤ ትልቁ ልጄ ሰይድ ጎልማሳ ነው፣ ያርሳል። ያልቻልኩት ሰላቱን ነው። ሱጁድ ማድረግ አቃተኝ። ግንባሬ መሬት ሳይነካ አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ ስድስት ወር አለፈ። መስጊድ ውስጥ ከኋላው ሰልፍ ጫፍ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ አራት ሽማግሌዎች አሉ። እኔ ጤነኛ ሳለሁ «ሚኒስትሮቹ» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። አምስተኛውን ወንበር ይዤ ስመጣ አንዱ ጠጋ አለልኝና «እንኳን ለሹመቱ አበቃህ» አለኝ። ሰላት እስኪጀመር ድረስ አራቱም ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሳቁን ሳቅንበት። ግን ሌላው ሁሉ ወርዶ ግንባሩን ምንጣፍ ላይ ሲያሳርፍ፣ እኔ ከላይ ሆኜ የሰው ጀርባ ሳይ፣ ጌታዬ ፊት ቆሜ የቀረሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። ባለቤቴን ዘሀራን «ረመዷን ሳይገባ ግንባሬን መሬት ማስነካት አለብኝ» አልኳት። ረመዷን ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

«የጤና መድን ደብተር አለን አይደል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ አለን። በየዓመቱ ይታደሳል፣ አንድ ቀን ግን ታክመንበት አናውቅም፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር። ሳጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የሁለታችንም ፎቶ አለበት። እሷ የደነገጠች ትመስላለች፣ እኔ የተያዝኩ እመስላለሁ። ይህን ይዤ ቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ ፊቷ ፈገግታ አይለየውም፣ እጇ ፈጣን ነው።

«እንዴት ነዎት አባቴ?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«ምን ሆነው ነው የመጡት?»

«ምንም አልሆንኩ። አንቺስ ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። በእኛ አገር ሰው ዘንድ ገብተህ በሽታህን እንደ ጆንያ ዱብ አታደርግም። በመጀመሪያ ጌታ ይመሰገናል። ቀጥሎ የሰውየው ደህንነት ይጠየቃል፣ ከዚያ የልጆቹ፣ ከዚያ የከብቱ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ትንሽ ይወራል፣ ማሽላው እንዴት እንደሆነ ይነሳል። በመጨረሻ ብድግ ብለህ፣ ደህና ዋል ብለህ፣ በሩ ላይ ስትደርስ «ይች ወገቤ እንኳ ትንሽ…» ትላለህ። ያኔ ባለቤቱ ይደነግጥና «ኧረ ምነው? ምን ሆንክ?» ብሎ ይመልስሃል፣ ትቀመጣለህ፣ ትነግረዋለህ። እኔ የማውቀው የበሽታ አነጋገር ይኸው ነው።

ዝናቡ ላይ እንደደረስን ነርሷ ክንዴን አስራ ግፊቴን ለካችኝ። ዓይኔን ገልጣ አየች። «ግፊትዎ የወጣት ነው» አለችኝ። «ሳይታመሙ መምጣትዎ ደስ ይላል። ሁሉም እንደ እርስዎ ቀድሞ ቢታይ እኮ ሥራችን ይቀልልን ነበር። ጎበዝ ነዎት።» ብላ ቀጣዩን ጠራች።

ብድግ አልኩ፣ ደህና ዋይ አልኳት፣ በሩ ላይ ደረስኩ፣ ዞር ብዬ «ይች ወገቤ እንኳ…» ስል ልጅ ያዘለች ሴት ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ልጇን እያወረደች ነው። የኔን በሽታ የሰማ ዘበኛው ብቻ ነው። እሱም «በርታ» አለኝ።

ዘሀራ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። «ምን አለችህ?»

«ጎበዝ አለችኝ።»

«ወገብህንስ?»

«ወገቤ ጋ አልደረስንም። ዝናቡ ላይ ነበርን።»

ዘሀራ ትታኝ ወደ ቤት ገባች።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ዝናቡን እንዳላነሳ ዘሀራ አስምላኛለች። ገባሁ፣ አመሰገንኩ፣ ከዚያ ግድግዳውን እያየሁ «ወገቤን ቆንጠጥ ያደርገኛል» አልኩ። ማፈሬ ከወገቤ ይልቅ ያመኝ ነበር። ነርሷ ጎሽ፣ ወደ ነገሩ ገባን አይነት ብዕሯን አነሳችና እንዲህ አለችኝ፦

«ሕመምዎን በቁጥር ይንገሩኝ። ዜሮ ማለት ምንም አያመኝም ነው። አስር ማለት ከዚህ የባሰ ሕመም የለም ማለት ነው። የእርስዎ ስንት ነው?»

ክው አልኩ። በሰባ ዓመቴ ብዙ ነገር ተጠይቄያለሁ። ስንት ከብት አለህ ተብያለሁ፣ ስንት ቃዳ መሬት አለህ ተብያለሁ። ወገብህ ስንት ነው ያለኝ ግን አልነበረም። ተቀምጬ አሰብኩ። አስር ብል ጌታዬ ይታዘበኛል። እናቴ እኔን በእግሬ በኩል ስትወልደኝ ሦስት ቀን አምጣለች፤ አስሯ የሷ ናት። ዘጠኝ ደግሞ ኩላሊቱን ጠጠር ይዞት የነበረው አጎቴ ነው። ስምንትን ለጥርስ ብንሰጥ፣ ለኔ ምን ይተርፋል?

ሌላም ነገር አለ። እኔ አርባ ዓመት በሬ የሸጥኩ ሰው ነኝ። ገበያ ላይ መጀመሪያ የሚጠራ ቁጥር ቁጥር አይደለም፣ ሰላምታ ነው። አንዱ ከታች ይጠራል፣ ሌላው ከላይ ይጠራል፣ ትንሽ ይኮራረፋሉ፣ አንዱ ሄድኩ ብሎ አስር እርምጃ ሄዶ ይመለሳል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። እናም ዓይን ዓይኗን እያየሁ ከታች ጀመርኩ።

«ሁለት» አልኳት።

በኔ ቤት እሷ «ኧረ አባቴ፣ ይህ አረማመድ የሁለት አይደለም፣ ስምንት ይበሉ» ትላለች። እኔ «ኧረ ተይ ልጄ፣ ሦስት» እላለሁ። እሷ «ሰባት» ትላለች። ስድስት ላይ እንጨባበጣለን። እንዲህ አስቤ አፌን አሰናድቼ ስጠብቅ ልጅቷ ሁለትን ጻፈች። በቃ፣ ጻፈቻት። በአርባ ዓመት የገበያ ዘመኔ በመጀመሪያ ቃሌ የያዘኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

«ቆይ እንጂ ልጄ» አልኳት። «አንቺስ ስንት ትያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ አባቴ፣ ሕመሙ የእርስዎ ነው።»

ለሁለት የሚሆን ክኒን ሰጠችኝ። ያው ራስ ሲያም የሚዋጠው ነው። ክኒኑ ሥራውን አልበደለም፣ ራሴን አንድ ቀን አላመመኝም።

ሦስተኛው ጊዜ ዘሀራ አብራኝ ገባች። ነርሷ ደብተሩን ገልጣ «ሁለት ነበር፣ አሁንስ ስንት ሆነ?» አለችኝ። እኔ ገና ሳስብ ዘሀራ «ዘጠኝ» አለች።

«እማማ፣ ሕመሙ የሳቸው ነው፣ እሳቸው ይንገሩኝ።»

«ልጄ» አለቻት ዘሀራ፣ «ጫማውን የማስረው እኔ ነኝ። እግሩን የማጥበው እኔ ነኝ። ሲገላበጥ የሚያቃስተውን የምሰማው እኔ ነኝ። እሱ ምኑን አውቆት ነው የሚነግርሽ?»

ነርሷ አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ አልጋው ላይ በጀርባዬ አስተኛችኝና እግሬን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ አነሳችው። እኔ ያን ጊዜ ያወጣሁትን ድምፅ ልጽፈው አልችልም፤ ፊደሉን አልተማርኩትም። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ሮጦ ገባ። ነርሷ «ይህ እንኳ ሁለት አይደለም» አለችና ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልኝ። የወገቤ ቁጥር የወጣው እንዲህ ነው፤ በዘሀራ ምስክርነትና በዘበኛው ድንጋጤ።

ሆስፒታል ያየኝ ዶክተር ትሁት ልጅ ነው። መረመረኝ፣ በመዶሻ ጉልበቴን ነካ ነካ አደረገ፣ የእግርዎን አውራ ጣት ይግፉ አለኝ። ከዚያ «ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ላይ ተጭኗል» አለኝ።

«ዶክተር፣ እኔ ዘንድ ዲስክ የለም» አልኩት። «ሬዲዮ ብቻ ነው ያለኝ።»

ዘሀራ ክርኔን ነካችኝ። ዶክተሩ አልሳቀም፤ በሁለት የብዕር ክዳንና በታኘከ ማስቲካ አድርጎ የአከርካሪ አጥንት እንዴት እንደሆነ አሳየኝ። እኔ ውስጥ ማስቲካ እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ከሁሉ አስደነገጠኝ።

«እርስዎ የሚያስፈልግዎ የሕመም ሐኪም ነው» አለኝ።

የዓይን ሐኪም ዓይን ያክማል፣ ዓይን ይበረታል። የጥርስ ሐኪም ጥርስ ያክማል፣ ጥርስ ይበረታል። የሕመም ሐኪም ሕመሙን ካከመውማ ሕመሙ ሊበረታ አይደለም እንዴ? ይህን ስጠይቀው ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሕመምን ብቻ የሚያጠና፣ ነርቩ አጠገብ መርፌ የሚወጋ ሐኪም ደሴ እንዳለ ነገረኝ። «ግን በጤና መድን የሚቀበልዎ የት እንደሆነ አጣርቼ ነው ሪፈር የምጽፍልዎ። ሐሙስ ይምጡ።»

ሐሙስ ሊደርስ አራት ቀን ነበረው። እኔ አራት ቀን የምጠብቅ ሰው ብሆን ኖሮ ጥጃዋንም ጎረቤት ያነሳት ነበር። በማግስቱ ለዘሀራ ገበያ ልሄድ ነው ብዬ በሚኒባስ ደሴ ወጣሁ። የወረድኩበት ሰፈር የሕመም ሐኪም ወዴት ነው እያልኩ ጠይቄ አንድ የግል ክሊኒክ በር ላይ አደረሱኝ። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ቀረብ ብዬ፣ ጮክ ብዬ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩ። «የ፣ ጤ፣ ና። መ፣ ድ፣ ን።» ቀጥሎ ያለው ረጅም ቃል ስለሆነ ተውኩት። ሰው ቤት ደጃፍ ላይ የጤና መድን ተብሎ ከተጻፈ ለምን ይጻፋል? እንኳን ደህና መጣህ ለማለት ነው እንጂ።

መቀመጥ ስለሚያመኝ ግድግዳ ተደግፌ ከጠዋት ጀምሬ ቆምኩ። የሚመጣውን ሁሉ «እዚህ በመድን ያክማሉ» እያልኩ አበሰርኩ። ሁለት ሽማግሌዎች ከመንገድ ተመልሰው ተሰለፉ። ከኩታበር የመጣች አንዲት ሴት ደግሞ በስልክ ደውላ እህቷን ደብተሩን ይዛ እንድትመጣ አስጠራች። መርቀውኛል ሁሉ። ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ተራዬ ደርሶ ደብተሬን ስሰጥ የካርድ ክፍሏ ልጅ እንኳ አልተቀበለችውም።

«አባባ፣ እኛ የጤና መድን አንቀበልም። በሩ ላይ ተጽፏል እኮ።»

ወጥቼ የተውኩትን ቃል ጨረስኩት። «አ፣ ን፣ ቀ፣ በ፣ ል፣ ም።» በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እንቅልፍ የጣለኝ እዚህ ቃል ላይ መሆን አለበት። የኩታበሯ ሴት እህቷ ከነደብተሯ እያለከለከች ስትደርስ አይታ ወደኔ ዞረች።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ማንበብ የማትችል ከሆነ ለምን ጮክ ብለህ ታነባለህ?»

ደብተሬን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወደ ሚኒባሱ ሄድኩ።

ሐሙስ ደረሰ። ከዘሀራ ጋር ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሩ ቃሉን አክብሮ ደሴ በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ማክሰኞ ማክሰኞ የምትገባ፣ በመድን የምታክም አንዲት የሕመም ሐኪም አግኝቶልኛል። ሦስት ቦታ ደውሎ እንዳገኛት ነገረኝ። እኔ በዚህ ደስታ ሆዴ ባባ። ዘሀራ ከኔ በፊት መናገር ስለምትወድ እሷን ደጅ አስቀምጫት ነበር፤ ይህም የራሴ ጥፋት ነው። ዶክተሩ ወረቀቱን ሊጽፍ ብዕሩን አነሳና እንዲያው ለወጉ ይመስላል «እንዴት ሰነበቱ? ለውጥ አለ?» አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? ልጁ ለኔ ብሎ ሦስት ቦታ ደውሏል። ለውጥ የለም ብዬ ልቡን ልስበረው?

«አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደህና ነኝ» አልኩት። «ካንተ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህማ ለውጥ አለ።»

ፊቱ በራ። «እሰይ» አለ። የሆነ ነገር ጻፈና ሰጠኝ። እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ ማኅተም የሚመታበት መስኮት ጋ ሄድኩ። ማኅተም መቺው አነበበው፣ ወደኔ አየ፣ እንደገና አነበበው።

«ደሴ ነው የምሄደው» አልኩት።

«ደሴ አይልም። ‹ተሽሎታል፣ ክትትሉን በጤና ጣቢያው ይቀጥል› ነው የሚለው።» አለና ማኅተሙን ላዩ ላይ መታው። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ተመልሼ ስሮጥ፣ መሮጥ ከተባለ፣ ዶክተሩ ለቀዶ ሕክምና ገብቷል ተባልኩ። በሦስት ስልክ የተገኘች ሐኪም በአንድ «ደህና ነኝ» ጠፋች። ረመዷን ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል።

ዘሀራ ቤት ስንደርስ ነው የጠየቀችኝ።

«የሰይድ አባት፣ አንተ የሄድከው ልትታከም ነው ወይስ ዶክተሩን ደስ ልታሰኘው?»

«ጌታዬን ሳላመሰግን አፌን አልከፍትም» አልኳት።

«ማን አታመስግን አለህ?»

«ደህና ነኝ ማለትም ምስጋና ነው። ወገቤ ቢበጠስም አላማርርም።»

ያን ጊዜ ተከራከርን። እኔ ስከራከር አልመለስም፤ ሰፈሩም ያውቀዋል። ዘሀራም ይህን ስለምታውቅ ክርክሩን ትታ ሻሿን አስራ ወጣች። ከተሲያቱ የአስር ሰላት በኋላ መስጊድ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የመስጊዳችን ሸህ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ዘሀራ ቀድማ ነገሩን ለሳቸው አድርሳ ነበር። ከሥር ከመሠረቱ እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ፊታቸው አልሳቀም፣ ጺማቸው ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቅሷል።

«አልሐምዱሊላህ ማለትህ ልክ ነው» አሉኝ። «የዋሸኸው ከሱ በኋላ ነው።»

ክው አልኩ። በሬ ስሸጥ እንኳ ዋሸህ ተብዬ አላውቅም፤ ተከራከርክ ነው የተባልኩት።

«ለጌታህ ምስጋና አለብህ» አሉ ሸሁ። «ለሐኪሙ ደግሞ አማና አለብህ፤ የሰውነትህን እውነት ልትነግረው። ነቢዩ አዩብ ከማንም በላይ ታጋሽ ነበሩ። እሳቸውም መከራ ነካኝ ብለው ተናግረዋል። አንተ ከሳቸው በልጠህ ነው?»

«አስተግፊሩላህ። ታዲያ ምን ልበል?»

«አልሐምዱሊላህ በል። ከዚያ ‹ግን› በል። ከ‹ግን› በኋላ ያለውን ወገብህ ራሱ ይናገረዋል።»

ቀላል ይመስላል። ሰባ ዓመት ሙሉ አፌ አልሐምዱሊላህ ላይ ሲደርስ መዝጋት የለመደ ነው። በሩን ከዘጋ በኋላ «ግን»ን ማሾለክ አቃተኝ። ከብት ስጠብቅ ለበሬው «አልሐምዱሊላህ፣ ግን» እያልኩ ተለማመድኩ። በሬው በየ‹ግን›ዋ ጆሮውን ያቆማል፤ ሂድ የሚባል መስሎታል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አንድ የማውቀው ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ ለመሞከር ብዬ «አልሐምዱሊላህ፣ ግን…» አልኩት። ሰውየው የተሸከመውን ጆንያ አወረደ። ፊቱ ተለወጠ። «ግን ምን? ማን ሞተ?» አለኝ። እኔም ደንግጬ «ግን… ደህና ነኝ» አልኩት። ጆንያውን መልሶ ለመሸከም እርዳታ ፈለገ፤ እኔ ደግሞ መታጠፍ አልችልም። ሁለታችንም አላፊ እየጠበቅን ብዙ ቆየን።

ብቻ ጤና ጣቢያ ደግሜ ስሄድ ወጣችልኝ። ነርሷ «እንዴት ነዎት?» ስትለኝ፣ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፣ ዘሀራን አየኋት፣ «ግን አልተሻለኝም፣ ተሽሎታል የተባለውም በኔ ውሸት ነው» አልኩ። ነርሷ ስልኳን አንስታ ለዶክተሩ ደወለችለት። ከወዲያ ያለው ድምፅ እየሳቀ ይሁን እየተቆጣ ለኔ አልተሰማኝም። ሆስፒታል ተመልሰን ወረቀቱ እንደገና ተጻፈ። ማኅተም መቺው ሳይመታ በፊት ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ «ደሴ ይላል፣ ልምታው?» አለኝ። ምታው አልኩት።

ማክሰኞ ደሴ ደረስን። መስኮቱ ላይ ደብተሩን ሰጠሁ። ሰውየው አየው፣ ጻፈበት፣ መለሰልኝ፣ «ይግቡ» አለኝ። ሌላ ምንም ሳይል። እኔ ደንግጬ አልገባ አልኩ።

«መድን እኮ ነው» አልኩት።

«አይቻለሁ አባቴ።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እዚህ በሩ ላይ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም?»

«የሰይድ አባት፣ ግባ» አለች ዘሀራ።

ሐኪሟ የሴት ልጄ እኩያ ትሆናለች። መነጽር አድርጋለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። «እንዴት ነዎት አባቴ?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ቆምኩ። «ግን…» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ ራሴ አላምነውም። ስለ ጥጃዋ ነገርኳት። ስለ ጫማ ማሰሪያዬ ነገርኳት። ለሰላት ውዱእ ሳደርግ እግሬን ዘሀራ እንደምታጥብልኝና በዚህ እንደማፍር ነገርኳት። ስለ ነጩ ወንበር ነገርኳት። ግንባሬ መሬት ከነካ ስምንት ወር ሊሞላው እንደሆነ ስነግራት ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠችና እስክጨርስ ጠበቀችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ውስጤ መኖሩን አላውቅም ነበር።

«ከአስር ስንት ይሰጡታል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ዘጠኝ» አልኳት። አልተከራከርኩም።

መርፌውን እዚያው ወገቤ ላይ ወጋችኝ። እንዲህ እንዲህ ብለው ይንቀሳቀሱ ብላም አሳየችኝ፤ አንደኛው በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ እንደ ድመት ጀርባን ማጉበጥ ነው። በኔ ዕድሜ። በሩን ዘግቼ ነው የማደርገው። ቀስ በቀስ እንደሚለቀኝ፣ ጥጃ ግን እንዳላነሳ ነግራኝ ተሰናበትን።

እውነትም ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ሽቦው መጀመሪያ ከተረከዜ ወጣ፣ ከዚያ ከጉልበቴ፣ ከዚያ ጭኔ ላይ ትንሽ አሻራ ብቻ ቀረ። ረመዷን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ጎህ ሲቀድ ሱብሂን ቤቴ ለመስገድ ተነሳሁ። ወንበሩን አላቀረብኩም። ዘሀራ እንደወትሮዋ ከኋላዬ ቆማለች። ሩኩዕ አደረግኩ፤ ታጠፍኩ። ከዚያ እንደ ግመል በየመገጣጠሚያዬ፣ መጀመሪያ ጉልበቴን፣ ቀጥሎ እጄን፣ እያስቀመጥኩ ወረድኩ። ግንባሬ መሬት ነካ። መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር። እዚያ ሆኜ ያልኩትን አልጽፈውም፤ የኔና የጌታዬ ነው።

ስነሳ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ናት፣ «እህ» አይነት። የኔ መስላኝ ነበር፤ ግን ከኔ አፍ አልወጣችም። በሁለተኛው ሱጁድም ደገመች።

አርባ ሦስት ዓመት ዘሀራ ከኋላዬ ሰግዳለች። እኔ አሰግዳታለሁ፣ እሷ ትከተላለች፤ ሰላት ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ አይታይም። ከሱጁድ እንዴት እንደምትነሳ አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። በቀኝና በግራ አሰላምቼ ስጨርስ ዞርኩ። አንድ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው፣ አንዱ የበሩን መቃን ይዟል። ግድግዳውን ይዛ፣ መሐል ላይ አረፍ ብላ፣ ልክ እንደኔው ነው የምትነሳው።

«ዘሀራ» አልኳት፣ «እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

ይህችን ቃል ከጤና ጣቢያ እስከ ሆስፒታል ያዞርኳት እኔ ነኝ፤ ከሥሯ ምን እንደሚደበቅ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እሷ መስገጃውን ማጠፍ ጀምራለች።

«ግን?» አልኳት።

እጇ መስገጃው ላይ ቆመ። አየችኝ። ከዚያ የታጠፈውን መልሳ ዘረጋችውና ቀስ ብላ ተቀመጠችበት።

«ግን» አለች፣ «ከጉልበቴ ልጀምር?»

ጀመረች። የቀትሩ የዙህር አዛን ሲል ገና ወገቧ ጋ አልደረሰችም።